በስሙ የሚጠበቅ ልጅ
በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ዓ.ም. እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም የአዲስ አበባን የጎዳና ልጆች አሠልጥኖ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» ለመድረክ አበቃ፤ «አዱኛ» የተባለው የውዝዋዜ ጓድም ከዚህ ጅማሬ ተወለደ። የነገሩ ምሥጢር፣ እኔም በሥዕል ማስተማር ዘመኔ እንደ ተረዳሁት፣ ተሰጥዖን ከማደን ይልቅ፣ ማንም ቀጥሮት የማያውቅ ልጅ በተወሰነ ቀንና ሰዓት በአንድ ደጃፍ በስሙ ሲጠበቅ በልቡናው የሚያድረው እምነት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ልጆችን የምታስተምሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ የልጁን ቁስል አስቀድማችሁ አትመርምሩ፤ ምሳውን አብሉት፣ ብሩሹን ስጡት፣ ዓመት የማትዘልቁ ከሆነ ግን ፈጽሞ አትጀምሩ። በሥዕል ክፍላችን አንድ ሊስትሮ የጫማ ቀለም ያጠቆረውን ጣቱን በኀፍረት ሸሽጎ ሦስት ሳምንት ከተቀመጠ በኋላ፣ ያንኑ ጣት ቀለም ውስጥ ነክሮ የእናቱን ነጠላ ጥለት በተመስጦ ሲሥል አየሁ፤ ያልጠየቅነውንም ታሪኩን፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ፣ ራሱ ጀመረልን።