በይፋት ፍርስራሾች መካከል ስምንት ሰው ከአርባ ለምን ይሻላል?

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት የወረዳችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደራርባችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሹራባችሁን ታወልቃላችሁ። ደብረ ሲና ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ሜትር ገደማ። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ስለሚለዋወጥ፣ በዚህች አጭር መንገድ ብቻ 9 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ትጨምራላችሁ።

ይሄ ልዩነት ሹራብ ከማስወለቅ ያለፈ ሥራ ሠርቷል፤ ከተማ አስቆርቁሯል። ደጋው የሚያበቅለውን ቆላው አያበቅልም። ግመል የአዋሽን ሜዳ ትወደዋለች፣ የጣርማ በርን ብርድና ገደል ግን አትወደውም። ስለዚህ ከዘይላ ወደብ በግመል የመጣ ጭነት አንድ ቦታ ላይ ወርዶ በበቅሎና በአህያ ጀርባ መጫን አለበት። ጭነት የሚራገፍበት ቦታ ገበያ ይሆናል። ገበያው ሲሰነብት ደግሞ ቤት፣ መስጊድና መቃብር ያለው ከተማ ይሆናል።

በይፋት የሆነውም ይኸው ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አል-ዑመሪ ይፋትን ከአካባቢው ሙስሊም መንግሥታት አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት ይገዛው ነበር። በዚህ መንገድ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ታች ይወርዳል። በባርነት የተሸጡ ሰዎችም በዚሁ መንገድ ይነዱ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አይገባም። በ1332 እ.አ.አ. ዐፄ ዓምደ ጽዮን በይፋት ላይ ዘመተ፣ ከዚያ በኋላ የሥልጣኑ ማዕከል ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከተሞቹም ባዶ ቀሩ።

በ2006 እ.አ.አ. ፍራንሷ ዣቪዬ ፎቬል እና በርትራን ሂርሽ የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ሦስቱን ለዓለም አስተዋወቁ፦ አስበሪ፣ መሳል እና ራሳ ጉባ። በኋላም ኖራ በምትባለው ከተማ ላይ ቁፋሮ ተደረገ። «አስተዋወቁ» አልኩ እንጂ «አገኙ» አላልኩም። በዚያ ፍየል የሚያግድ ልጅ እነዚያን ግንቦች ከመወለዱ ጀምሮ ያያቸዋልና።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንግባ። እናንተስ እነዚህን ከተሞች ማየት ብትፈልጉ እንዴት ነው የምትሄዱት? አውቶቡስ ሙሉ ሆናችሁ ወይስ ጥቂት ሆናችሁ? ጥያቄው የምቾት ይመስላል፤ ግን የፊዚክስ ጥያቄ ነው።

ካብ የሚቆመው በምንድን ነው?

በድንጋይና በጭቃ የተሠራን ግንብ አስቡ። ጭቃው እንደ ሲሚንቶ አይጣበቅም፤ ሥራው ክፍተት መሙላትና ክብደትን ማከፋፈል ነው። ግንቡን የሚያቆሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ የድንጋዮቹ የራሳቸው ክብደት እና በመካከላቸው ያለው ሰበቃ።

ሰበቃ ደግሞ ጠባዩ እንዲህ ነው፤ ከላይ የሚጫነው በበዛ መጠን ይጠነክራል። ለማረጋገጥ አሥር መጽሐፍ ደርድሩ። ከታች ያለውን ለመሳብ ሞክሩ፣ እምቢ ይላችኋል። ከላይ ያለውን ግን በአንድ ጣት ትገፉታላችሁ። ግንብም እንደዚያው ነው። ከታች ያለው ድንጋይ በላዩ ሌሎች ስለተጫኑት ንቅንቅ አይልም። ከላይ ያለው የሚይዘው የለም።

በዚህ ላይ አምስት መቶ ዓመት ክረምት ጨምሩበት። ዝናቡ ከላይኛው ድንጋይ ሥር ያለውን ጭቃ አጥቦ ወስዶታል። ድንጋዩ አሁን የተቀመጠው በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ላይ ብቻ ነው፣ እንደሚወዛወዝ በርጩማ። 20 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ነው እንበል። 60 ኪሎ የምትመዝኑ ልጅ ፎቶ ለመነሳት ጫፉ ላይ ቆማችሁ። የድንጋዩን ሦስት እጥፍ ክብደት ከመደገፊያ ነጥቦቹ ውጪ አሳረፋችሁበት ማለት ነው። ድንጋዩ ይገለበጣል። እናንተም አብራችሁ።

«አንድ ድንጋይ ቢወድቅ ምን ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ያ ድንጋይ እኮ የግንቡ ጣሪያ ነበር። ከወደቀ የሚቀጥለው ክረምት ውሃ ወደ ግንቡ ሆድ ይገባል። ጭቃው ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ በየዓመቱ ድንጋዮቹን ወደ ጎን ይገፋል። ውሃ የጠገበ አፈር ምን እንደሚያደርግ የደብረ ሲና ሰው በደንብ ያውቃል፤ በ2005 እ.አ.አ. በአካባቢው የደረሰው ትልቅ የመሬት መንሸራተት መንደሮችን ቦታቸውን አስለቅቋል። በተራራም ሆነ በግንብ፣ ነገሩ ያው ነው፦ ውሃ ሲገባ ሰበቃ ይቀንሳል።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰሜን ቻይና ፒንግያዎ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ዙሪያው 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን ግንብ አላት፣ ውስጡ የተጠቀጠቀ አፈር፣ ውጪው ሸክላ ጡብ። የዓለም ቅርስ ናት፣ ጠባቂ አላት፣ ገንዘብም አላት። እንዲያም ሆኖ በጥቅምት 2021 እ.አ.አ. ከባድ ዝናብ ሲወርድ ከግንቧ 25 ሜትር ያህሉ ተናደ። ጥበቃ ያለው እንዲህ ከሆነ፣ አጥር እንኳ የሌለውን የይፋት ካብ አስቡት።

የስምንትና የአርባ ሒሳብ

አስጎብኚው ግድግዳ ላይ የቀረች ትንሽ ልስን እያሳያችሁ ነው እንበል። ሁሉም ሰው ፊት ለፊት ማየት ስለሚፈልግ በግማሽ ክብ ይቆማል። አንድ ሰው ትከሻው 60 ሳንቲ ሜትር ይይዛል ብንል፦

ስምንት ሰው 4.8 ሜትር ቅስት ይሠራል። የግማሽ ክብ ቅስት ከፓይ ጊዜ ሬዲየስ ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከአስጎብኚው ያላችሁ ርቀት 1.5 ሜትር ገደማ ነው።

አርባ ሰው ደግሞ 24 ሜትር ቅስት ይሠራል። ርቀቱ 7.6 ሜትር ይሆናል።

በገላጣ ሜዳ ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ከ1.5 ወደ 7.6 ሜትር ስትሄዱ 14 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ የቆላው ነፋስ ሲነሳ ደግሞ የሰውየው አፍ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ አትሰሙም።

ታዲያ አርባ ሰው ምን ያደርጋል? በተርታ መቆሙን ትቶ ይደራረባል። ኋላ የቀረው አይታየውም። ያልታየው ሰው ከፍ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በፍርስራሽ ከተማ ውስጥ ከፍ ያለው ቦታ የቱ ነው? ግንቡ! ማንም ክፉ ሐሳብ የለውም፤ ቁጥሩ ራሱ ሰውን ወደ ግንቡ ይገፋዋል። «ግንብ ላይ አትውጡ» የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፍ ቡድኑን ማሳነስ የተሻለ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አስጎብኚው የሚያየው፣ እናንተ የማታዩት

ጥቂት ሆናችሁ ስትሄዱ ሌላም ጥቅም አለ፤ ጠይቃችሁ መልስ ታገኛላችሁ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጣሪያ የሌለው አራት ማዕዘን ግድግዳ ፊት ቆማችኋል። ቤት ነው ወይስ መስጊድ? ስልካችሁ ላይ ያለውን ኮምፓስ ክፈቱ። ሸዋ ሮቢት 40 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አጠገብ ናት። መካም እንደዚሁ! ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ስለሚገኙ ከይፋት መካ ቀጥ ብላ በሰሜን ናት፣ 1,270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ። ስለዚህ ወደ ሰሜን ባለው ግድግዳ መካከል ወደ ውጭ የጎበጠ ቦታ ካያችሁ፣ ሚህራብ ሊሆን ይችላል፤ የጸሎት አቅጣጫ ማሳያ።

ኮምፓሱ አቅጣጫውን ይነግራችኋል። ይቺ የድንጋይ ክምር ግን የጥንት ቤት ናት ወይስ ገበሬው አምና ከማሳው የለቀመው? ይሄን የሚያውቀው እዚያው ያደገ ሰው ነው። በዚህ ቁልቁለት የሚኖሩት አርጎባዎች እስከ ዛሬ በድንጋይ ቤት የመሥራትና እርከን የመካብ ባህል አላቸው። ካብ ያበጀ እጅ ካብ ያነባል። አዛውንቱ ድንጋዩን ዓይተው «ይሄ ተንዶ የወደቀ ነው፣ ያ ግን ሆን ተብሎ የተነሳ ነው» ሲሏችሁ፣ ምን አይተው እንዳወቁ ጠይቋቸው። ከመማሪያ መጽሐፍ የማታገኙት የመዋቅር ትምህርት ነው።

ለእሳቸው የምትከፍሉትም ገንዘብ ቢሆን ሥራ ይሠራል። የተጠረበ ድንጋይ ለቤትና ለአጥር ጥሩ ዕቃ ነው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድር አንድ ገበሬ ከፍርስራሹ ድንጋይ ቢወስድ አይፈረድበትም። ግንቡ ቆሞ ገቢ የሚያስገኝ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ዕድሜውን የሚያራዝመው ያ ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ

መጀመሪያ የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከወረዳው አስተዳደርና ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ፈቃድም ያስፈልጋል። ክፍላችሁ አርባ ተማሪ ከሆነ አምስት ቦታ ተከፋፈሉ፣ አንዱ ቡድን ፍርስራሹን ሲያይ ሌሎቹ ገበያውንና እርከኖቹን ይዩ። ክረምት ላይ አትሂዱ፤ የራሰ ካብ ደካማ ነው። ጠዋት ሂዱ፤ ሙቀቱም ነፋሱም ይቀላችኋል።

ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ሰላም በሉ፣ እንዲያስገቧችሁ ጠብቁ። መቃብርና መስጊድ ፍርስራሽ ቢሆንም ለባለቤቶቹ ፍርስራሽ አይደለም። ማሳ አትርገጡ። ወድቆ ያገኛችሁትን የሸክላ ስባሪ ፎቶ አንሱት እንጂ ኪሳችሁ አትክተቱት። ድሬ ዳዋ አጠገብ በምትገኘው ሐርላ በተደረገ ቁፋሮ ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭስ፣ ከየመንና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። ይህ ሊታወቅ የቻለው ስባሪዎቹ የት ቦታ፣ በየትኛው የአፈር ንብርብር ውስጥ እንደነበሩ ስለተመዘገበ ነው። ኪስ ውስጥ የገባ ስባሪ ግን አድራሻው የጠፋ ደብዳቤ ነው፤ ከየት መጣ፣ ለማን ነበር፣ ማንም አይነግራችሁም።

ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ ሙከራ አድርጉ። ያልተስተካከሉ ድንጋዮች ለቅማችሁ እስከ ጉልበታችሁ የሚደርስ ካብ ያለ ሲሚንቶ ካቡ። የላይኛውን ድንጋይ ከመሐሉ በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ ቀጥሎ ከጫፉ። እጃችሁ ልዩነቱን ይነግራችኋል። ይፋት ስትደርሱ እግራችሁን የት እንደምታሳርፉ ማንም ሊቆጣችሁ አያስፈልግም።