የሆስፒታል መሣሪያዎችን ከመሬት መንቀጥቀጥ ጉዳት ስለ መጠበቅ

የወላይታ ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ትገኛለች። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. በአጎራባቿ ሆሳዕና አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ለወራት የቀጠለው ርዕደ መሬት ደግሞ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች በርካታ ሺህ ዜጎችን ከቀያቸው አፈናቅሏል።

የሆስፒታል ሕንፃ ሳይፈርስ መቆሙ ብቻውን አገልግሎቱን አያስቀጥልም። በካሊፎርኒያ የሚገኘው ኦሊቭ ቪው ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1971 ከደረሰበት ውድመት በኋላ እጅግ ጠንክሮ ተገንብቶ ነበር። በ1994 በደረሰው መንቀጥቀጥ ሕንፃው ቢጸናም የውኃ ቧንቧዎች በመሰበራቸው ሕሙማንን ማስወጣት ግድ ሆኗል። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከዞኑ አልፎ ለአጎራባች አካባቢዎችም አገልግሎት ይሰጣል፤ ሥራው ቢቋረጥ ወደ አርባ ምንጭ የሚላክ ሕሙም ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ትኩረት የሚሻው የኦክስጅን ሲሊንደር ነው። ትልቁ ሲሊንደር ሲሞላ ውስጡ ያለው ግፊት ወደ 150 ባር ይደርሳል። ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ የሚወጣው ጋዝ ሲሊንደሩን እንደ ሮኬት ያስወነጭፈዋል። ስለሆነም ባዶውም ሆነ ሙሉው በሁለት ሰንሰለት፣ አንዱ ከወገቡ በላይ ሌላው ወደ ግርጌው ቀረብ ብሎ መታሰር አለበት። ሰንሰለቱ የሚያያዝበት ግድግዳም ሊጤን ይገባል። አብዛኛው የክፍል ግድግዳ ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠራ በመሆኑ ተራ ፊሸር በንዝረት ጊዜ ተነቅሎ ይወጣል፤ ማሰሪያው በአርማታ ምሰሶ ላይ ቢበሰር፣ ምሰሶ ከራቀም ወለሉ ላይ በብሎን የተጠበቀ የብረት ፍሬም ቢበጅ ይመረጣል። ይህ ጥንቃቄ የመድኃኒትና የላቦራቶሪ ኬሚካል መደርደሪያዎችንም ይመለከታል። ከባዱ ዕቃ ከታች፣ ጠርሙሱም ጠርዝ ባለው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል።

ጄነሬተር ብዙውን ጊዜ ንዝረቱን በሚቀንሱ ስፕሪንጎች ላይ ያርፋል። እነዚሁ ስፕሪንጎች መሬት ስትናወጥ ከቦታው እንዲዘል ያደርጉታልና በዙሪያው የብረት ማገጃ ያስፈልገዋል። የነዳጅ መስመሩም ተጣጣፊ፣ የማስነሻ ባትሪውም የታሰረ ሊሆን ይገባል። ጄነሬተሩ ካልተነሣ የክትባት ማቀዝቀዣውም የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያውም ይቆማሉ።

ጎማ ያላቸው መሣሪያዎች አገልግሎት በማይሰጡበት ሰዓት ፍሬናቸው ይያዛል። የባዮሜዲካል ባለሙያዎችም በመደበኛው የጥገና ፍተሻ ወቅት ማሰሪያዎቹን አብረው ቢመለከቱ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም፤ ለጽዳት የተፈታ ሰንሰለት ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።