ጥቀርሻና የካርቦን ቱቦ

ትክል ድንጋይ በምትባል ከተማ ባለው የአክስቴ ማድ ቤት ጥቀርሻው ከማገሩ ላይ እንደ ጥቁር ፈትል ይንጠለጠላል። ዘመን መለወጫ ሲቃረብ አክስቴ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ትሸፍንና ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ባሰረችው መጥረጊያ ታወርደዋለች። ብናኙ ፀጉሯ ላይ፣ ትከሻዋ ላይ ይዘንባል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ታስላለች። «ብርድ ነው ልጄ፣ ብርድ መትቶኝ ነው» ትለኛለች።

ያ ጥቀርሻ ካርቦን ነው። ከአክስቴ ጠላቶች አንዱ እንደሆነ አምናለሁ፤ ግን ሙያም አለው። የብራና ጸሐፊዎች ጥቁሩን ቀለም የሚያዘጋጁት ከምጣድና ከድስት ቂጥ ከተፋቀ ጥላሸት ነው። ካረረ እህልና ከሙጫ ጋር ተወቅጦ ለወራት ይብላላል። ካርቦን በቀላሉ አይደበዝዝምና የጥንቱ ጽሑፍ ዛሬም ጠቁሮ ይነበባል። በሙጫ ተይዞ ብራና ላይ የተኛ ጥላሸት የአንባቢውን ሳንባ አይነካም። አየር ላይ የተለቀቀው ግን ሌላ ነገር ነው። በፋብሪካ ስለሚሠሩት ረቂቅ የካርቦን ቁሶች የሚነሣው የጤና ጥያቄም እዚሁ ላይ ያርፋል፦ ተይዟል ወይስ ተለቋል?

አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ቢከፈል እያንዳንዱ ክፋይ ናኖ ሜትር ይባላል። የራስ ፀጉራችን ውፍረት 80,000 ናኖ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ የሚሰፉ የካርቦን ቱቦዎችን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ለዓለም አስተዋወቀ። የአንድ አቶም ውፍረት ያላት የካርቦን ንጣፍ እንደ ሰሌን ስትጠቀለል ያን ቱቦ ትሆናለች። ጥንካሬው ከብረት ይበልጣል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ስለዚህ በሊትየም ባትሪ፣ በፕላስቲክ፣ በስፖርት ዕቃ ውስጥ ገብቷል። ባትሪው ውስጥ እስካለ ድረስ እንደ ብራናው ቀለም የተያዘ ነው። የሚያሰጋው ደረቁን ዱቄት ለሚመዝን፣ ከረጢቱን ለሚያራግፍ፣ የተሠራውን ዕቃ ለሚቆርጥና ለሚሞርድ ሠራተኛ ነው።

ወደ ሳንባ ከገባስ? ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፣ በአክታ ይወጣል። ይህን ያህል የረቀቀው ግን እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። እዚያ ባዕድ ነገር እየዋጡ የሚያጸዱ ሕዋሶች አሉ። ክብ ወይም የተጠቀለለ ቅንጣት ሲያገኙ ይውጡታል። ረጅምና ቀጥ ያለ ቱቦ ሲገጥማቸው ግን ከራሳቸው ቁመት ይበልጥባቸዋል፤ ግማሹን ውጠው ግማሹ ውጭ ይቀራል። መዋጥም መትፋትም ሲያቅታቸው ዙሪያውን የሚያቆስል ንጥረ ነገር ያፈስሳሉ። ቁስሉ ሲመላለስ ለስላሳው ሳንባ ጠባሳ እያወጣ ይደድራል።

ይህ ታሪክ አስቤስቶስን ለሚያውቅ አዲስ አይደለም። ለጣሪያና ለሙቀት መከላከያ ይሠራበት የነበረው ያ ማዕድን የሳንባን ሽፋን ካንሰር የሚያመጣው ሰው ከተነፈሰው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ጉዳቱ እስኪታወቅ ብዙ ሠራተኛ አልቋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኤዲንብራ ተመራማሪዎች ሥራ ረጃጅሞቹን የካርቦን ቱቦዎች አይጥ ሆድ ውስጥ አስገብቶ እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁስለት አሳይቷል። አጫጭሮቹና የተጠቀለሉት ግን ያን አላደረጉም። ቅርጽ ራሱ መርዝ ይሆናል ማለት ነው፤ እኔን ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ዓለም ከአስቤስቶስ ስለተማረ በካርቦን ቱቦ ጥንቃቄ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሥራ ቦታ ደህንነት ምርምር ተቋም ለሠራተኛ ያሳሰበው ጣሪያ በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 1 ማይክሮ ግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከቱቦዎቹ አንዱን ዓይነት «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ብሎ መደበ፤ ማስረጃው ከአይጥ የመጣ ነበር።

ይኸው ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ እንጨት ጭስን አንድ እርከን ከፍ አድርጎ «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» በሚለው መደብ አስቀምጦታል። እርከኑ የማስረጃውን ብርታት እንጂ የመርዙን ኃይል አይለካም። ቢሆንም የአክስቴን ምጣድ ሳስብ ያሳዝነኛል። የጥላሸት ቅንጣት ከ20 እስከ 50 ናኖ ሜትር ሆኖ እንደ ወይን ዘለላ ይያያዛል። ቱቦ ባለመሆኑ ሕዋሶቹ ይውጡታል፤ ግን ብዛቱ ያደክማቸዋል፣ ከእሳቱ የወጡ ሌሎች መርዞችንም ተሸክሞ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ24 ሰዓት የሚመክረው የረቂቅ ብናኝ ጣሪያ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 15 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ ኩበትና ጭራሮ በሚነድበት ጉልቻ ዙሪያ መቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ይለካል። የፋብሪካው ሠራተኛ ጭምብል፣ አየር መምጠጫና የተዘጋ ሳጥን አለው። እርሷ ያላት ነጠላ ነው፤ የነጠላ ሽመና ቀዳዳ ደግሞ ለናኖ ቅንጣት የተከፈተ በር ነው።

ዙሪያው የተዘጋው «ምርጥ» የሚባለው ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭሱንም ይቀንሳል፤ ጭስ ማውጫ ሲኖር ደግሞ የተሻለ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት በሚደርስበትና በማይጠፋበት ቤት ከሁሉም ይበልጣል። አክስቴ ሊጡን ስታሰፋና አክንባሎውን ስትከድን የልጅ ልጇ ጀርባዋ ላይ ይተኛ ነበር፤ አሁን እሳት ሲነድ ደጅ ከእህቱ ጋር ይቀመጣል።

በናኖ ካርቦን ቤተ ሙከራ ወለሉ በደረቁ አይጠረግም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። ይህን ስነግራት አክስቴ በጥርጣሬ አየችኝ። «ጥቀርሻን በውኃ? እሺ እስቲ፣ አንተ ካልክ» አለችና መጥረጊያውን ባልዲ ውስጥ ነክራ ወደ ማገሩ አነሣችው። ጥቀርሻው እየረጠበ፣ እየከበደ፣ እንደ ጭቃ ጠብ ጠብ እያለ መሬት ላይ ወረደ።