በጉበት ላይ የታየው ጥላ

ከደባርቅ ተነስቶ ዳባትን አልፎ ጎንደር ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ያስፈልጋል። የአንጀት ወይም የጡት ካንሰር የተገኘበት ሕመምተኛ ይህን መንገድ ሲጓዝ፣ ሐኪሞቹ አስቀድመው ሊያውቁ የሚፈልጉት አንድ ነገር አለ፦ ዕጢው ወደ ጉበት ተሰራጭቷል ወይስ አልተሰራጨም? ቀዶ ሕክምናውም መድኃኒቱም የሚወሰነው በመልሱ ነው።

የአንጀት ደም ወደ ልብ ከመመለሱ በፊት ፖርታል ቬይን በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ወደ ጉበት ይገባል። ከአንጀት ዕጢ የተላቀቁ ሕዋሳትም አብረውት ይመጡና እዚያው ሥር ይሰዳሉ።

ምርመራው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በአልትራሳውንድ ነው። ዋጋው ቀላል ነው፤ ጨረር የለውም፤ መሣሪያውም ሕመምተኛው አልጋ ድረስ ይሄዳል። ይሁን እንጂ የአንጀት አየርና ስብ የመሣሪያውን የድምፅ ሞገድ ይጋርዱታል፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ዕጢም በቀላሉ ያመልጠዋል። ውጤቱ በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ ይንጠለጠላል።

ደግሞም በጉበት ላይ የታየ ጥላ ሁሉ ካንሰር አይደለም። በግና ውሻ ከሰው ጋር በሚኖሩበት ደጋ፣ ከውሻ የሚተላለፍ የኮሶ ዓይነት ትል በጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል። እዚህ ላይ አልትራሳውንድ ብርቱ ነው፤ ውኃው ጥቁር ሆኖ፣ በውስጡ ያሉት ትናንሽ ከረጢቶችም ተለይተው ይታያሉ። ይህን ሳይለዩ ናሙና ለመውሰድ መርፌ ማስገባት አደገኛ ነው፤ ፈሳሹ ከፈሰሰ ሕይወትን የሚያሰጋ አለርጂ ሊያስነሳ ይችላል።

ሲቲ ስካን ደረትንና ሆድን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ምስጢሩ ያለው በሰዓቱ ላይ ነው። ጤነኛ ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከፖርታል ቬይን ሲሆን፣ የተሰራጨ ዕጢ ግን በአብዛኛው የሚመገበው ከልብ ደም ከሚያመጣው ሥር፣ ከአርተሪ ነው። በክንድ የተወጋው ኮንትራስት (ምስሉን የሚያጎላው ፈሳሽ) 70 ሰከንድ ገደማ ሲሞላው ጉበቱ ይደምቃል፤ ከአንጀት የመጣው ዕጢ ጠቁሮ ይቀራል። ደም የሚበዛባቸው ከኩላሊትና ከታይሮይድ የተሰራጩ ዕጢዎች ግን ቀደም ብለው፣ በ30 ሰከንድ አካባቢ ስለሚደምቁ፣ በ70ኛው ሰከንድ ብቻ የተነሳ ምስል ሊስታቸው ይችላል።

ለትናንሾቹ ዕጢዎች ኤምአርአይ ይበልጣል። የጉበት ሕዋሳት ብቻ የሚወስዱት ልዩ ኮንትራስት አለ፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ጤነኛው ጉበት ሲያበራ፣ ዕጢው የጉበት ሕዋስ ስለሌለው ጨለማ ሆኖ ይታያል። ጉበቱ ከመቀደዱ በፊት የዕጢዎቹን ቁጥር በትክክል ማወቅ ለሚፈልግ ቀዶ ሐኪም ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ምርመራው ግን ረጅምና ውድ ነው።

ፔት ስካን የሚከተለው ስኳርን ነው። ካንሰሩ ከጉበት ውጭ ወዴት እንደሄደ ያሳያል፤ ነገር ግን ጤነኛው ጉበት ራሱ ስኳር ስለሚወስድ ትናንሽ ዕጢዎች ይደበቁበታል። ከስኳሩ ጋር የሚያያዘው ጨረር አመንጪ ፍሎሪን 18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ማምረቻው ከሆስፒታሉ ብዙ መራቅ የለበትም።

ስለዚህ የምርመራ ማዘዣው ላይ «ሆድ ይታይ» ብቻ መጻፍ አይበቃም። ዕጢው ከየት እንደተነሳ ካልተገለጸ፣ ራዲዮሎጂ ባለሙያው የትኛውን ሰከንድ እንደሚመርጥ አያውቅም። ሕመምተኛውም የቀድሞ ፊልሙንና ሪፖርቱን ይዞ ቢመጣ ብዙ ይረዳል፤ ዛሬ ምንነቱ ያልተለየ 8 ሚሊ ሜትር ነጥብ፣ ከወራት በፊት ከተነሳው ምስል ጎን ሲቀመጥ አድጎ ወይም ባለበት ቆሞ ይገኛልና።