ሦስት ዓመት የሚጠብቀው ገንዘብ

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ የሮታሪ ስም ሲነሳ የምሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ነው፤ ሆቴል ተሰብስበው ምሳ የሚበሉ ባለሀብቶች፣ ገንዘቡም የት እንደሚገባ የማይታወቅ። ስለ ክለቡ በአጭሩ፦ ከየሙያው የተውጣጡ ሰዎች ያለ ክፍያ ኅብረተሰብ የሚያገለግሉበት ማኅበር ነው፤ አዲስ አበባ የገባውም በንጉሡ ዘመን ነው። እኔን የሚማርከኝ ከክለቦቹ ጀርባ ያለው ሮታሪ ፋውንዴሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 የሮታሪ ፕሬዚዳንት የነበረው አርች ክለምፍ የፋውንዴሽኑን ሐሳብ ሲያቀርብ የመጀመሪያው ልገሳ 26 ዶላር ከ50 ሳንቲም ብቻ ነበር።

«ገንዘቡ የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው አሠራሩን ካለማወቅ ነው። ለፋውንዴሽኑ ዓመታዊ ፈንድ የተሰጠ ገንዘብ ወዲያው አይወጣም፤ ሦስት ዓመት ኢንቨስት ተደርጎ ይቆያል። ትርፉ የአስተዳደር ወጪን ለመሸፈን ያግዛል። ሦስቱ ዓመት ሲሞላ ግማሽ ያህሉ ለጋሾቹ ክለቦች ወዳሉበት ዲስትሪክት (የአካባቢ ክለቦች ስብስብ) ይመለሳል፤ ሌላው ግማሽ የዓለም ፈንድ ውስጥ ገብቶ የትም አገር ላለ ሥራ ይውላል። የአቃቂ ሰው ይህን ለመረዳት ሊቸገር አይገባም፤ እድራችን ዛሬ የሚሰበስበው ለነገ ሐዘን አይደለም እንዴ? ዛሬ ሰጥቶ በሳምንቱ ፎቶ የሚጠይቅ ለጋሽ ግን ይህ አይዋጥለትም።

በጣም የምወደው ደግሞ ግሎባል ግራንት የሚባለው ድጋፍ ነው። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ለአቃቂ ጤና ጣቢያ መሣሪያ ላሟላ ቢል ብቻውን አይችልም፤ ከሌላ አገር አጋር ክለብ ማግኘት አለበት። ጠቅላላ በጀቱ ከ30 ሺህ ዶላር አያንስም። ዲስትሪክቶቹ ከድርሻቸው 100 ዶላር ቢመድቡ የዓለም ፈንዱ 80 ይጨምርበታል። ከዚያ በፊት ግን የአካባቢው ሰው ምን እንደሚፈልግ መጠናት አለበት። ሳይጠይቁ ፓምፕ ተክለው፣ ሪባን ቆርጠው የሚሄዱ በጎ አድራጊዎች ከዚህ ቢማሩ ደስ ይለኛል። ጥገናውን የሚከታተል ሰው ያልታሰበለት ፓምፕ ሲበላሽ እንስራው ተመልሶ ወንዝ ይወርዳል።

ለፖሊዮ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለብቻው ነው የሚያዘው። ሮታሪ ዘመቻውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን በዓመት እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለሚያሰባስበው እያንዳንዱ ዶላር የጌትስ ፋውንዴሽን ሁለት ይጨምርበታል። አሜሪካ፣ ሲያትል የሚኖሩት የሮታሪ አባል ዕዝራ ተሾመ የክለብ ጓደኞቻቸውን አስከትለው እየመጡ ኢትዮጵያ ውስጥ ቤት ለቤት ሕፃናትን አስከትበዋል። በአገራችን የዱር ፖሊዮ ቫይረስ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ነው፤ አፍሪካም በ2020 ከእሱ ነጻ መሆኗ ተረጋግጧል።

በእኛ ሰፈር በዘመቻ ቀን በር ሲንኳኳ «ባለፈው ተከትቧል» ብለው ከግቢ የሚመልሱ ወላጆች አይቻለሁ። ይህ አያዛልቅም፤ ክትባቱ በቂ ሰው በማያገኝበት አካባቢ ከራሱ ከጠብታው የተለወጠ ቫይረስ ሊሠራጭ ይችላል፤ ኢትዮጵያም ገጥሟታል። ስለዚህ በዘመቻ ቀን በሩን ክፈቱ፣ የልጁን አፍም አስከፍቱ። ለሮታሪ የምትለግሱም ብትሆኑ ብሩ ለዓመታዊው ፈንድ ይሁን ለፖሊዮ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ካወቃችሁ ገንዘባችሁ የት እንዳለ ማንም አያደናግራችሁም።