የነፍሰ ጡር ጭንቀትና የነርስ ጆሮ

የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት ወደ ጤና ጣቢያ መጣች እንበል። ክብደቷ ተመዘነ፤ የደም ግፊቷ ተለካ፤ የጽንሱ የልብ ትርታ ተደመጠ። ሁሉም ደኅና ነው ተብላ ካርዷን ተቀብላ በሩ ዘንድ ከደረሰች በኋላ መለስ ትልና፥ «ሲስተር፥ ሌሊት እንቅልፍ የለኝም» ትላለች። የነርስነት ሙያ የሚፈተነው በዚያች ደቂቃ ነው። ውጭ አግዳሚው ላይ ሃያ ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ፤ «አይዞሽ፥ ምንም አይደል» ብሎ መሸኘት ይቀላል።

«አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፤ የፈራችውን ሳይጠይቁ ከተናገሩት ግን አፍ ማዘጊያ ይሆናል። አንዲቱ እህቷ በወሊድ ስትሞት አይታለች። ሌላይቱን አምና ጽንስ አስወርዷታል። ሦስተኛይቱ የምትፈራው ቀዶ ሕክምናን ነው፤ አራተኛይቱን የሚያስጨንቃት ምጡ ሳይሆን የቤት ኪራዩ ነው። ለአራቱም የሚሆን አንድ መልስ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ከ100 ነፍሰ ጡሮች 10 ያህሉ፥ በታዳጊ አገሮች ደግሞ ከ15 የሚበልጡት የአእምሮ ጤና መታወክ፥ ይልቁንም ድብርት ያገኛቸዋል፤ ጭንቀትም ብዙ ጊዜ የድብርት ጓደኛ ነው። ስለዚህ ነገሩ የቅምጥሎች ሕመም ነው የሚሉን ሰዎች ተሳስተዋል።

አዋቂ ነርስ ግን ወደ ጨዋታው ከመግባቷ አስቀድማ አካልን ትመረምራለች። ልብ ቶሎ ቶሎ የሚመታው በደም ማነስም ሊሆን ይችላል። ጽኑ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከደም ግፊት ጋር የመጡ እንደሆነ ለእናቲቱም ለልጁም አደገኛ ናቸው። ጽንሱ መንቀሳቀሱን ቀነሰብኝ የምትል ሴትም ፈሪ ተብላ አትመለስም። ጭንቀት ነው የሚባለው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ከዚያ በሩ ይዘጋል። ባል ወይም አማት አብሮ መጥቶ እንደሆነ ለጥቂት ጊዜ ውጭ ይቆያል፤ በባሏ ፊት ባሌን እፈራዋለሁ የምትል ሴት የለችምና። ለመጠየቅ የሚረዳ መሣሪያም አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው የኤዲንብራ መጠይቅ 10 ጥያቄዎች ያሉት ሲሆን፥ ለወለዱ እናቶች ቢሰናዳም ለነፍሰ ጡሮችም ያገለግላል፤ በአማርኛም ተተርጕሞ በአዲስ አበባ ተፈትኗል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለ መጕዳት ኀሳብ ነው። ብዙዎች ይህን ለመጠየቅ ይፈራሉ። መጠየቅ ግን ክፉ ኀሳብ አያስገባም፤ ያለውን ያወጣዋል እንጂ። መልሱ «አዎን» የሆነ እንደሆነ ሴቲቱ ብቻዋን አትሄድም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያት ይገባል።

ፍርሃት ሰውነትን ያኮማትራል፥ መኮማተሩም የምጡን ሕመም ያበዛዋል ብሎ በ1930ዎቹ ዓመታት በሰፊው የጻፈው እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ ሪድ ነበር። ሕመሙን ከሞላ ጎደል ለፍርሃት መስጠቱ ከልክ ያለፈ ነው፤ ያማጠች ሁሉ ትስቅበታለች። ሆኖም ሴቲቱን ብቻዋን አትተዉ፥ የሚሆነውንም አስቀድማችሁ አስረዷት ማለቱ ዛሬም ይሠራበታል። የአገራችን ሴቶች ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም፤ ምጥ የያዛትን ጎረቤት ከብበው «ማርያም ማርያም» ሲሉ ኖረዋል። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅትም በምጥ ላይ ያለች ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

ወደዚያች በሩ ላይ ወደቆመችው ሴት እንመለስ። እህቷ የሞተችባት እርሷ ናት። ነርሷ እህቷ የት እንደ ወለደች፥ ማን አጠገቧ እንደ ነበረ፥ ደሙ ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈሰሰ ቀስ ብላ ትጠይቃታለች። ማዋለጃ ክፍሉን ወስዳ ታሳያታለች፤ ልጅ እንደ ተወለደ ደም እንዳይፈስ የሚወጋውንም መድኃኒት ከነብልቃጡ ታሳያታለች። አየር በአፍንጫ ስቦ በቀስታ ማስወጣትን አብረው ይሞክራሉ። ቀጠሮው ለሁለት ሳምንት ይሰጣል፤ ያውም ከዚያችው ነርስ ዘንድ። በምጡ ቀን አብሮሽ የሚሆነውን ሰው ይዘሽ ነዪ ስለ ተባለች፥ በቀጠሮዋ ቀን እናቷን አስከትላ ትመጣለች።