ክትባት በሙቀት እንዳይሞት
(ስለ ፈንግል መከላከያና ስለ ፖሊመር ቅንጣቶች)

ፈንግል ከመንደር ሲገባ ደጅ ሙሉ ዶሮ በጥቂት ቀን ያልቃል። በሽታው ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መላው አስቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። ችግሩ ከዚያ እስከ ግሽ ዓባይ ቆጥ ድረስ ያለው መንገድ ነው።

የተለመደው ክትባት ሕይወት ያለው የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካልተቀመጠ ይበላሻል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ በበረዶ ሣጥን ተነሥቶ ገጠር ቀበሌ እስኪደርስ በረዶው ሊቀልጥ ይችላል። የሞተ ክትባት ደግሞ በዓይን ሲታይ ከደኅናው አይለይም። አስከትቤአለሁ ብላ የተዘናጋች እማወራ ዶሮዎቿ ሲያልቁ ክትባትን ብትጠላ አንፈርድባትም።

ተመራማሪዎች ክትባትን በፖሊመር ቅንጣት ውስጥ መጠቅለል ከጀመሩ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ፖሊመር ማለት ትናንሽ ሞለኪዩሎች እንደ ጨሌ ተሰክተው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። በብዛት የተሞከረው ዓይነት ሐኪሞች ቁስል ሰፍተውበት ራሱ ሟሙቶ ከሚጠፋው ክር ጋር ዘመዳም ነው። ቅንጣቷ የሚሊሜትር ጥቂት ሺኛ ታህላለች፤ በሰውነት ውስጥ ውሃ ቀስ በቀስ ሲያፈርሳት የያዘችውን በሳምንታት ትለቃለች። አንድ መርፌ የሁለት የሦስቱን ሥራ ይሠራል የሚለው ተስፋ ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ቅንጣቱ የሚሠራበት ኬሚካልና ብርቱ ብጥበጣ፣ ኋላም ፖሊመሩ ሲሟሟ የሚወጣው አሲድ፣ ክትባቱን ራሱን ይጎዳል። ዋጋውም ለመንደር ዶሮ የሚሆን አይመስለንም።

ስለዚህ እጃችን ላይ ባለው እንጠቀም። በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቫይረሱን ከመጠቅለል ይልቅ በተፈጥሮው ሙቀት የሚችለውን መርጠው «አይ-ሁለት» የተባለውን ክትባት አዘጋጁ። ይህም ቢሾፍቱ ይመረታል። የደረቀው ክትባት ከማቀዝቀዣ ውጭ በጥላ ለሳምንታት ይቆያል። መንገዱ አዲስ አይደለም፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሙቀት የሚችል የደስታ በሽታ ክትባት አፋር በረሃ ድረስ ገብቶ የከብቱን እልቂት ለማቆም ረድቷል።

ሙቀት ይችላል ማለት ግን ፀሐይ ላይ ይዋል ማለት አይደለም። የተበጠበጠው በዚያው ቀን ይለቅ። ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም መጠኑ አንድ ነው፦ በአንድ ዓይን አንድ ጠብታ። ዶሮዋ ዓይኗን እስክታርገበግብ አትለቀቅ፤ የጠብታው ጫፍም ዓይኗን አይንካ። በየአራት ወሩ ይደገማል። የታመመች ዶሮ አትከተብ፤ አያድናትም። አንዱ ብልቃጥ የብዙ ቤት ዶሮ ስለሚከትብ ጎረቤት ተጠራርቶ ከእንስሳት ጤና ባለሙያው ጋር ቀን ይቁረጥ፤ ዶሮዎቹም በማለዳ፣ ከቆጥ ሳይወርዱ ይያዙ።